እንደ ፍየል ጆሮ የቆመ ኮሌታ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በደሃና፣ በሰቆጣ፣ በጋዝጊብላ፣ በዝቋላ፣ በአበርገሌ፣ ከተከዜ ወዲህም ወዲያም ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ሳምንታዊው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ጀምሯል። ቡና ያፈላችሁ ቡናችሁን ቅዱ፤ መንገድ ላይ ያላችሁ ሬዲዮኑን ወደ ጆሯችሁ ጠጋ አድርጉት።

የዛሬው ጉዳያችን ትንሽ ነው። ምን ያህል ትንሽ? ርዝመቱ አንድ የክብሪት እንጨት ከነግማሹ ቢሆን ነው። ወርዱ ከትንሿ ጣት አይበልጥም። ውፍረቱ የጥፍር ያህል ነው። ይህቺ ትንሽ ነገር ከቦታዋ በመጥፋቷ ግን ስንቱ ሙሽራ፣ ስንቱ ሚዜ ፎቶው ተበላሽቶበታል።

ምን ትሆን? ገምቱ እስቲ። እስክትገምቱ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

እንደምታውቁት ወሩ ጥር ነው። ጥምቀት አለፈ፣ ዳሱ ተጣለ፣ ጠላው ተጠመቀ። አምና በዚሁ ወር ከአምደ ወርቅ ብዙም ሳይርቅ ለአንድ ዘመድ ሰርግ ሄጄ ነበር። ሚዜዎቹ አምስት ናቸው። አምስቱም ሱፍ ለብሰዋል፣ አምስቱም ነጭ ሸሚዝ፣ አምስቱም ከረባት። ዓይን የሚሞሉ ልጆች!

ከአምስቱ የአራቱ ኮሌታ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። የአንዱ ግን ግራው ተኝቶ ቀኙ ቆሟል፤ ድምፅ እንደ ሰማ ፍየል ጆሮ። ልጁ በጣቱ ይጫነዋል፣ ይተኛል። እጁን ሲያነሣ ኮሌታውም አብሮ ይነሣል። እንደገና ይጫነዋል፤ እንደገና ይነሣል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ጥቂት አይተውት፣ «ምነው ይኼን ልጅ በቀኝ በኩል የሚጠራው ሰው አለ እንዴ?» አሉ። ዳሱ በሳቅ ሞላ።

አሁን ልጠይቃችሁ። ኮሌታው ለምን ተነሣ? ሸሚዙ ርካሽ ስለሆነ? አልነበረም፤ ከአምስቱ ውዱ የእሱ ነው። ስላልተተኮሰ? ተተኩሷል፤ እንደ ወረቀት ነው የተተኮሰው።

ነገሩ የገባኝ ማታ፣ ልጁ ኮቱን አውልቆ አጠገቤ ሲቀመጥ ነው። «እስቲ ፍቀድልኝ» ብዬ ኮሌታውን ገልብጬ አየሁት። በግራው በኩል፣ ከሥር፣ አንዲት ቀጭን ፕላስቲክ ተሸጉጣለች። በቀኙም በኩል ልክ እንደዚያው ያለ ጠባብ ኪስ አለ። ፕላስቲኳ ግን የለችም። ሸሚዙ ሲታጠብ ወጥታ ከእድፉ ውሃ ጋር ተደፍታለች።

(ፋታ)

የዛሬው ጉዳያችን ያቺ ፕላስቲክ ናት። ስሟ ማነው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልብስ ሰፊዎችን ስጠይቅ «ያቺ ፕላስቲክ» ወይም «ያቺ የኮሌታ» ከማለት ሌላ ስም አልሰጡኝም። እኔ ለዛሬ «የኮሌታ አጥንት» እላታለሁ። ሥራዋ ያው የአጥንት ሥራ ስለሆነ ነው፤ ሥጋውን ቀጥ አድርጎ መያዝ።

ሸሚዝ አጠገባችሁ ካለ አምጡት። አሁኑኑ። ሬዲዮኑን ሳታጠፉ! ኮሌታውን ወደ ላይ ገልብጡትና ከሥር ያለውን ገጽ እዩ፤ ስትለብሱት ወደ ደረት የሚዞረውን ማለት ነው። ከጫፉ ወደ አንገት የሚሄድ፣ በስፌት የተከበበ ጠባብ መስመር ይታያችኋል? በላይኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው? ቀዳዳ ካለችው የአጥንቱ ኪስ እሱ ነው። ጣታችሁን ከላይ እየጎተታችሁ ዳብሱት። ጠንካራ ነገር ካለ አጥንቱ በቦታው ነው። ባዶ ከሆነ ወድቋል፣ ወይም ድሮም አልነበረም።

ቀዳዳ የሌለው ከሆነስ? ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሸሚዝ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ከላይ ይሰፋበታል፤ አይወጣም፣ አይገባም። አብዛኛው ርካሽ ሸሚዝ ግን ጭራሽ ኪስ የለውም። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስም እንዲሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አዲስ ሸሚዝ ከካርቶኑ ሲወጣ ስንት ነገር ተሰክቶበት ነው የሚወጣው? በአንገቱ ዙሪያ የሚዞር ፕላስቲክ። ከላይኛው ቁልፍ ሥር ቢራቢሮ የምትመስል ሌላ ፕላስቲክ። ከጀርባው ካርቶን። እዚህም እዚያም ስፒል። እነዚህ ሸሚዙ ሱቅ ውስጥ ቆሞ እንዲያምር የተደረጉ ናቸው፤ ለመልበስ አይደሉም። አውጥታችሁ ጣሏቸው። አንድ ጎረቤቴ የአንገት ዙሪያውን ፕላስቲክ ሳያወጣ ሙሉ ቀን ውሎ፣ ማታ አንገቱ በርበሬ መስሎ ገብቷል። «ውድ ሸሚዝ እንዲህ ነው መሰለኝ» አለ እንጂ ልብሱን አልጠረጠረም።

ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ስፒሉን ሲነቅል፣ ካርቶኑን ሲጥል፣ ከኮሌታው ሥር ያለችውንም «ይቺም የካርቶኑ ናት» ብሎ ጎትቶ ይጥላታል። እሷ ግን የሸሚዙ ናት። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ያዙት፤ የአንገት ዙሪያውና ቢራቢሮዋ ይጣላሉ፣ ከኮሌታው ሥር በኪስ የገቡት ሁለቱ ይቀመጣሉ። ልድገመው፤ ዙሪያውና ቢራቢሮዋ ይጣላሉ፣ የኪሶቹ ሁለቱ ይቀመጣሉ።

ሰልባጅ የምትገዙስ? ለእናንተ ይህ ጉዳይ ከሁሉ ይብሳል። ሰልባጅ ውስጥ የሚመጣው ሸሚዝ ብዙ ጊዜ ጥሩ ጨርቅና ጥሩ ስፌት ነው፤ ኪሶቹም አሉት። አጥንቶቹ ግን ከመጀመሪያው ባለቤት ጋር ቀርተዋል። ሰው «ኮሌታው ያረጀ ነው» ብሎ ዋጋ ይቆርጣል፣ ወይም ይተወዋል። ኮሌታው አላረጀም። ባዶ ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

ለመሆኑ ይህ ነገር ከየት መጣ? አያቶቻችን ያለ ኮሌታ አጥንት አምረው ኖረው የለ?

ኖረዋል። እጀ ጠባቡን አስቡት። የአንገቱ ዙሪያ ቁም ነው፣ ወይም ጥለት የተሰፋበት ጠፍጣፋ ነው። ወደ ታች ታጥፎ ሁለት ጫፍ የሚያወጣ ነገር የለውም፤ ጫፍ ከሌለ ደግሞ የሚነሣ ነገር የለም። ባለ ሁለት ጫፉ ኮሌታ ከውጭ የመጣ ነው፤ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። «ሸሚዝ» የፈረንሳይኛ ቃል ነው። «ኮሌታ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ «ከረባት»ም የአውሮፓ ቃል ነው። ልብሱ ስሙን ይዞ ገባ፤ አጥንቷ ብቻ ስሟን ሳትይዝ ገባች።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ታሪክ አለ፤ ለእኛ አገር ሰው፣ በተለይ ለሴቶቻችን ቅርብ የሚሆን ይመስለኛል። በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ትሮይ የምትባል ከተማ አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ሃና ሞንታግ የምትባል የዚያች ከተማ ሴት የባሏን ሸሚዝ ማጠብ ሰለቻት ይባላል። ለምን ሰለቻት? ሸሚዙ ንጹሕ ነው፣ የሚቆሽሸው ኮሌታው ብቻ ነው። ለአንዲት ኮሌታ ሲባል ሙሉ ሸሚዝ ይታጠባል፣ ይጨመቃል፣ ይሰጣል፣ ይተኮሳል።

ሃና ምን አደረገች መሰላችሁ? መቀስ አነሣችና ኮሌታውን ቆርጣ አወጣችው። ለብቻው አጠበችው፣ ለብቻው ተኮሰችው፣ መልሳ አያያዘችው።

ውሃ በጀሪካን ከሩቅ የምትቀዱ እናቶችና እህቶች፣ ይህቺ ሴት አልገባቻችሁም? እኔን ገብታኛለች። እኛ ጋ ብትወለድ ኖሮ ከውሃ መቅጃው መንገድ ላይ ነበር ሐሳቡ የሚመጣላት።

ከዚያ በኋላ የሚወልቅ ኮሌታ የትሮይ ዋና ሥራ ሆነ። ፋብሪካዎች ተከፈቱ፤ ከተማዋም «የኮሌታ ከተማ» እየተባለች ትጠራ ጀመር። ያ የሚወልቅ ኮሌታ በስታርች ተነክሮ እንደ ካርቶን ይደርቅ ነበር። ብትነኩት ይንኳኳል። አንገት ይፍቃል፤ ግን አይነሣም። ደጋፊ አያስፈልገውም፣ ራሱ አጥንት ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰዉ ያ ድርቅ ያለ ኮሌታ መረረው። ወታደሮች ከሸሚዙ ጋር አብሮ የተሰፋውን ለስላሳ ኮሌታ ለምደው ተመለሱ። አንገት ዕረፍት አገኘ። አዲስ ችግር ግን መጣ፤ ለስላሳው ኮሌታ ጫፉ ይጠቀለላል፣ ይነሣል፣ ይዞራል። ስታርቹ ሲሄድ የእሱን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ሆነ። የኮሌታ አጥንት በሰፊው የተፈለገችው ያኔ ነው። ከስታርቹ ድርቀትና ከለስላሳው ምቾት መካከል የገባች ሽማግሌ በሏት።

ሌሎች ደግሞ ቀደም ብለው ሌላ መላ መትተው ነበር። በፈረስ ላይ ሆነው ኳስ የሚመቱት የእንግሊዝ ፖሎ ተጫዋቾች ኮሌታቸው ፊታቸውን እየመታ ሲያስቸግራቸው በቁልፍ ከሸሚዙ ጋር አጣበቁት። ያንን ያየ ብሩክስ ብራዘርስ የተባለ የአሜሪካ ልብስ ቤት በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ጫፉ በቁልፍ የሚያዝ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ገበያችን ላይም ሞልቷል። ኮሌታው ጫፍ ላይ ትንንሽ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ካላችሁ የዛሬው ትምህርት አይመለከታችሁም። ቁልፉን ቆልፉና ቡናችሁን ጠጡ።

(የስፌት መኪና ድምፅ፤ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ይወርዳል)

ወደ አገራችን እንመለስ። ይህን ዝግጅት ሳሰናዳ በረንዳ ላይ በእግር መኪና የሚሰፉ አንድ አባት ዘንድ ሄጄ ነበር። ስማቸው እንዳይጠራ ስለጠየቁኝ አልጠራም። አንድ ሸሚዝ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ኮሌታውን በምላጭ እየፈቱ ነው ያገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«ኮሌታ እየገለበጥኩ ነዋ፣ ልጄ።»

ኮሌታ ማስገልበጥ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሸሚዙ ደህና ሆኖ ኮሌታው አንገት ላይ ሲተለተል፣ ተፈትቶ የውስጡ ወደ ውጭ ይዞርና መልሶ ይሰፋል። ሸሚዙ እንደ አዲስ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። የዛሬ ልጆች ትስቁ ይሆናል እንጂ፣ ስንቱ መምህር፣ ስንቱ የቢሮ ሠራተኛ በተገለበጠ ኮሌታ ልጆቹን አሳድጓል።

«የአጥንት ኪስ ያለው ሲመጣብዎትስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ምላጩን አስቀመጡ። «እሱማ ጉድ ነው» አሉኝ። «ኪሱ ያለው ከሥር በኩል ነው። ስትገለብጠው ከሥር የነበረው ላይ ይሆናል። ሰውየው በአደባባይ ባለ ሁለት ኪስ ኮሌታ አድርጎ ይሄዳል ማለት ነው!»

እንዴት ይሆናል ታዲያ? የእሳቸው መላ ይህ ነው። የኪሱን ስፌት ፈትተው፣ ጨርቁን በካውያ አለስልሰው፣ አዲስ ከሥር በሚሆነው ገጽ ላይ አዲስ ኪስ ይሰፉለታል። የድሮው የመርፌ ቀዳዳ ጨርቁ ነጭ ከሆነ ታጥቦ ሲተኮስ ይጠፋል፤ ባለ ቀለም ከሆነ ግን ጥቂት ይታያል። ስለዚህ ኮሌታ ለማስገልበጥ የምትወስዱ አስቀድማችሁ ገልብጣችሁ እዩ። ኪስ ካለው ለሰፊው ንገሩት። ሳይነገረው የገለበጠ ሰፊ ጥፋት የለበትም።

(ፋታ)

እኚሁ አባት አንድ ሌላ ነገር አስተማሩኝ፤ እኔ በማስመሪያ ስለካ አይተው ሳቁብኝ። የአጥንቱ ርዝመት እንዴት ይታወቃል?

ከደጅ አንድ ቀጭን የሣር አገዳ አነሡ። በኪሱ ቀዳዳ አስገብተው እስከ ጫፉ ገፉት፤ አልሄድ ሲል ቀዳዳው አፍ ላይ ሰበሩት። አወጡት። «ይኸው ልኩ» አሉኝ። «ከዚህ የጥፍር ያህል አሳጥረህ ቁረጥ።»

ለምን ያሳጥሩታል? ከኪሱ የረዘመ አጥንት ወይ ከላይ ወጥቶ አንገት ይወጋል፣ ወይ የኮሌታውን ጫፍ ይበሳል። በጣም ያጠረ ደግሞ ጫፉ ድረስ ስለማይደርስ ሥራ አይሠራም፤ ኮሌታው ከእሱ በታች እንደፈለገ ይጠቀለላል። ሸሚዝ ከሸሚዝ ስለሚለያይ የአንዱ ለሌላው ላይሆን ይችላል። አገዳዋ ግን ለሁሉም ትሆናለች።

እሺ፣ አጥንቷ ከወደቀችብንስ ከየት እናመጣለን? እንገዛ? እኔ ግዙ አልላችሁም። በውጭ አገር ከነሐስ፣ ከማይዝግ ብረት፣ ከዛጎል እየተሠራች ለሀብታም በሣጥን ትሸጣለች። ከቀንድ የተሠራችውማ እንደ ጌጥ ትቆጠራለች። ከቀንድ! እኛ በቀንድ ዋንጫ ስንጠጣ የኖርን ሰዎች ነን። ቀንድ ሲሞቅ እንደሚለሰልስ፣ ተጭኖ ሲቀዘቅዝም እንደ ተጫነ እንደሚቀር ዋንጫ ሠሪ ይነግራችኋል። አንድ ቀን አንድ ብልኅ ወጣት ከበሬ ቀንድ የኮሌታ አጥንት ሠርቶ ባሕር ማዶ ሲልክ ባይ አይደንቀኝም።

ለእኛ የዕለት ጉዳይ ግን የተሰነጠቀ ጀሪካን ይበቃል። ጎኑ ለጥ ያለበትን ቦታ ምረጡ። በአገዳው ልክ፣ የጥፍር ያህል አሳጥራችሁ፣ በመቀስ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ እንደ ጦር ሳይሆን እንደ ምላስ ክብ አድርጉት፤ ሹል ከሆነ ጨርቅ ይበሳል። ጠርዙን በድንጋይ ወይም በሻካራ ግድግዳ ላይ አሹት፣ ስለት እንዳይኖረው። ሁለት ሥሩ፤ እኩል ይሁኑ።

ሲም ካርድ ስትገዙ ቺፗ ተነቅላ የምትቀረው ካርድም ጥሩ ናት፤ ውፍረቷ ልክ ነው። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድም ይሆናል። እሱን ስትቆርጡ ግን ቺፑንና ጥቁሩን መስመር አብራችሁ ቆራርጡ፤ ቁጥሩም እንዳይነበብ።

ምን አይሆንም? ቆርቆሮ አይሆንም። ይዝጋል፣ ነጭ ሸሚዝ ላይ የዝገት ነጠብጣብ ይጥላል፤ የዝገት ነጠብጣብ ደግሞ በሳሙና አይለቅም። ወፍራም ካርቶንም በላብ ይለሰልሳል። ሰርጉ ደጅ ላይ ደርሶ ምንም ካጣችሁ የክብሪት እንጨት፣ ራሱን ሰብራችሁ፣ ቢያጥርም ለአንድ ቀን ከባዶ ይሻላል። ራሱን መስበር አትርሱ! ላብ ሲነካው ቀለሙ ይለቃል።

ማግኔት ያላቸውም አሉ፤ ከሸሚዙ ውስጥ በሌላ ማግኔት ተይዘው ኮሌታውን የሚያጣብቁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካመጣላችሁ አንድ ነገር እወቁ፤ ልቡ ላይ የሕክምና መሣሪያ የተተከለለት ሰው ማግኔት ደረቱ አጠገብ ማድረግ የለበትም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ አጥንቷ ሸሚዙ ሳይታጠብ ትወጣለች፤ ሸሚዙ ከተተኮሰ በኋላ ትገባለች።

ለምን ከመታጠቡ በፊት? አንደኛ፣ ያን ሚዜ አስታውሱት፤ በእድፍ ውሃ ትደፋለች። ሁለተኛ፣ ጨርቁ ሲታሽና ሲጨመቅ አጥንቷ ትታጠፋለች ወይም ከውስጥ ትፍቀዋለች፤ ኮሌታው ጫፉ ላይ ይሳሳል።

ለምን ከተተኮሰ በኋላ? ይህንን የምነግራችሁ ከራሴ ኪሳራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መብራት ጠፍቶ በከሰል ካውያ ሸሚዜን እተኩሳለሁ። ተቻኩያለሁ። ከሰሉ ቀይ ሆኗል። የከሰል ካውያ ደግሞ እንደ ኤሌክትሪኩ ሙቀቱን የምታዞሩበት ነገር የለውም፤ የሚያውቀው ከሰሉ ብቻ ነው። ኮሌታው ላይ ጫን አደረግኩት። አንድ ሽታ ሸተተኝ። ሳነሣው አጥንቷ ቀልጣ ከጨርቁ ጋር አንድ ሆናለች። የምላስ ቅርጽ ያለው ቢጫ ምልክት ወጣበት። ያንን ሸሚዝ አሁንም እለብሰዋለሁ፤ ሹራብ ከላይ አድርጌ።

ፕላስቲክ ባይሆን፣ ብረት ቢሆንስ? አይቀልጥም፤ ግን በላዩ ስትተኩሱ ቅርጹ በጨርቁ ላይ ይታተማል፤ ኮሌታው ያብለጨልጫል። ስለዚህ ብረትም ይውጣ።

ታዲያ እንዴት ይተኮስ? ኮሌታውን ክፈቱት። መጀመሪያ የሥሩን ገጽ፣ ቀጥሎ የላዩን። ካውያው ከጫፍ ወደ መካከል ይሂድ። ከመካከል ወደ ጫፍ ከሄዳችሁ የተጨማደደውን ሁሉ እየገፋችሁ ጫፉ ላይ ትሰበስቡታላችሁ፤ የተሰበሰበው ደግሞ ጫፉን ያነሣዋል። ጨርቁ ጥቂት እርጥበት ይኑረው። ከሰል ካውያ ከሆነ ሥሩን በጨርቅ ጠርጉት፣ አመድ እንዳይጥል፤ መጀመሪያም አሮጌ ጨርቅ ላይ ሞክሩት።

ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ኮሌታው እንደ ተገለበጠ፣ አጥንቷን አስገቡ። ክቡ ጫፍ ወደ ኮሌታው ጫፍ። እስኪያልቅ ግፉት። ሁለተኛውንም። ከዚያ ኮሌታውን መልሱት። ተነሣ? አይነሣም።

(ፋታ)

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ ሰው ትንሽ ዕቃ ሲያውቅ ሁሉን ነገር በእሷ ላይ ይጥላል። የኮሌታ አጥንት አንድ ሥራ ብቻ ነው ያላት፤ ጫፉ እንዳይጠቀለል መያዝ። እድፍ የያዘ ኮሌታን አታነጻም። አንገቱ የጠበበ ሸሚዝን አታሰፋም። በሙቀት ብዛት ውስጡ ያለው ጠንካራ ጨርቅ ተላቆ ያበጠ ኮሌታ ካለባችሁ እሱን የሚያድነው ልብስ ሰፊ ነው።

በየቀኑስ ታስፈልጋለች? ለእርሻ፣ ለገበያ፣ ለመንገድ የምን አጥንት! ጃኖ ወይም ጋቢ ከላይ ሲደረብ ኮሌታውን ማን ያየዋል? ለመምህር፣ ፍርድ ቤት ለሚቀርብ፣ ለሥራ ፈተና ለሚሄድ፣ ለምረቃ፣ ለሙሽራና ለሚዜ ግን ትጠቅማለች። ከረባት ለሚያስር በተለይ፤ የከረባቱ ቋጠሮ ኮሌታውን ወደ ላይ ስለሚገፋው። ከረባት የማያስረውም ቢሆን የላይኛው ቁልፍ ሲከፈት ኮሌታው ወደ ኮቱ ሥር እንዳይሰምጥ ታግዘዋለች።

እስቲ እናንተ መልሱልኝ። ኪሱ የት ነው የሚገኘው? ከኮሌታው ሥር። ልኩ በምን ይታወቃል? በሣር አገዳ። መቼ ትወጣለች? ሳይታጠብ። መቼ ትገባለች? ከተተኮሰ በኋላ። ቆርቆሮስ? አይሆንም። ጎበዞች!

አንዲት አድማጫችን ባለፈው «ባለቤቴ ሸሚዙን ሳጥብ እያንዳንዱን ኪስ ፈትሺ ይለኛል፣ ገንዘብ እንዳይቀርበት» ብላ ጽፋልን ነበር። እንግዲህ ሁለት ኪስ ጨምረንባታል። ወይም ባልየው ራሱ ሲያወልቅ ያውጣቸው፤ እኔ በዚህኛው ነው የማምነው። ለባሹ ያወጣል፣ ለባሹ ያስገባል። የሚቀመጡበትም ቦታ አንድ ይሁን። የክብሪት ቀፎ አይበቃቸውም፣ ይጠባቸዋል፤ የመርፌና ክር ማስቀመጫ ቆርቆሮ ግን ይይዛቸዋል። ሕፃናት አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱት እጃቸው የማይደርስበት ይሁን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

እኔም በዚህ ሳምንት መጨረሻ ሰርግ አለብኝ። ትናንት ማታ ሸሚዜን ተኩሼ አጥንቶቹን ፈለግኩ፤ አንዱን አገኘሁት፣ ሌላው የለም። የትም የለም። ይህን ሁሉ ሳስተምር ሰንብቼ! ከጓሮ የተሰነጠቀ የዘይት ጀሪካን አነሣሁ፣ አገዳ ሰበርኩ፣ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ አሸሁ። ስለዚህ በዳሱ ውስጥ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ካያችሁ፣ ከግራው ኮሌታ ሥር ነጭ፣ ከቀኙ ሥር ቢጫ እንዳለ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።



(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያልቃል)